ድምፅ መስጠትና ልብ መስጠት

ለአገር መሪነት የሚወዳደር አንድ ሰው ተነሣ እንበል። ንግግሩ ልብ ያሞቃል። ለድሀ ልጆች፣ በፋብሪካ ለሚደክሙ፣ ታመው መታከሚያ ላጡ እቆማለሁ ይላል። ስትሰሙት፣ “ይህማ ነቢዩ አሞጽ የጮኸበት ጉዳይ አይደለምን?” ትላላችሁ። ሰውየው ግን ሥልጣን እንደሚወድ ያስታውቃል። ያለ እርሱ አገር የምትድን አይመስለውም። አንዳንዱ ውሳኔውም ኅሊናችሁን ይቆረቁራል። እንግዲህ ክርስቲያን ወጣት ምን ያድርግ? ይደግፈው ወይስ ይተወው?

በወጣቶች ኅብረቶቻችን ለዚህ ጥያቄ ሁለት ፈጣን መልሶች ይሰጣሉ። አንዱ፣ “ፖለቲካ የዓለም ነው፤ እኛ እንጸልይ እንጂ ምን አገባን?” የሚል ነው። “ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጡ” የሚለው ተረትም ይታከልበታል። ሌላው ደግሞ፣ “ይህን ሰው እግዚአብሔር ለዘመናችን አስነሣው” ብሎ በሙሉ ልብ መከተል ነው። ሁለቱ መልሶች የተራራቁ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ከመመዘን ድካም ያሳርፋሉ። ክርስቲያን ግን ሁሉን እንዲመረምር ታዟል።

ለመመዘን ከሰሞኑ ግርግር ራቅ ያለ ጉዳይ ብንመርጥ ይሻላል። የዛሬ ተወዳዳሪ ስም ብጠራ ገሚሳችሁ ገና ሳታነቡ ትስማማላችሁ፤ ገሚሳችሁ ደግሞ ገና ሳታነቡ ትቆጣላችሁ። ስለዚህ ወደ አሜሪካ፣ ወደ 1912ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ እንሂድ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተወዳዳሪው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። ስሙ ከአገራችን ታሪክም ጋር ይገናኛል፤ በ1903 ወደ ዐፄ ምኒልክ መጥቶ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የመጀመሪያውን የንግድ ውል የተፈራረመው መልእክተኛ የተላከው በእርሱ ዘመነ መንግሥት ነበር። ሩዝቬልት ወንበሩን የያዘው ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በ1901 ሲገደል፣ ምክትል ስለ ነበረ ነው። በ1904 በራሱ ስም ተወዳድሮ አሸነፈ፤ በዚያው በድሉ ሌሊት ዳግመኛ እንደማይወዳደር ለሕዝብ ቃል ገባ። በ1909 ሥልጣኑን ራሱ ላጨው ወዳጁ ለዊልያም ታፍት አስረክቦ ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ ታፍትን ሊገዳደር ተነሣ። የሪፐብሊካን ፓርቲ ታፍትን ዳግመኛ እጩ ሲያደርግ፣ ሩዝቬልት ደጋፊዎቹን ይዞ ወጣና ተራማጅ ፓርቲ የሚባል አዲስ ፓርቲ ተመሠረተ።

“ተራማጅ” የሚለው ቃል ለብዙ ወላጆቻችን ጆሮ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በእኛ አገር ይህ ቃል ከ1974ቱ አብዮት ጋር፣ ከዚያም ከተዘጉ አብያተ ክርስቲያናትና ከታሰሩ አማኞች ትዝታ ጋር ተያይዟል። የ1912ቱ የአሜሪካ ተራማጅነት ግን ሌላ ነበር። ብዙ ደጋፊዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ መንገዱም ምርጫና ሕግ ነበር። ፓርቲው የጠየቃቸውን ተመልከቱ፦ ሕፃናት በፋብሪካ እንዳይሠሩ፣ ለሴቶችና ለወጣት ሠራተኞች የሥራ ቀን ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛ ከሳምንቱ አንድ ቀን እንዲያርፍ፣ ለሕመም፣ ለሥራ ማጣትና ለእርጅና መድን እንዲኖር፣ ሴቶችም ድምፅ እንዲሰጡ። ዛሬ እንደ ተራ ነገር የምናያቸው እነዚህ ጉዳዮች በዚያን ጊዜ ብዙዎችን ያስደነግጡ ነበር።

በኦገስት ወር ቺካጎ ላይ የተደረገው የፓርቲው ጉባኤ የመነቃቃት ኮንፈረንስ ይመስል ነበር። ተሰብሳቢው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዘመረ። ሩዝቬልት ንግግሩን “የእምነት መግለጫ” ብሎ ሰየመው፤ ሲደመድምም በአርማጌዶን ቆመን ለጌታ እንዋጋለን አለ።

በዚህ ጉባኤ ላይ የሩዝቬልትን እጩነት ደግፋ የተናገረች አንዲት ሴት ነበረች፤ ጄን አዳምስ ትባላለች። በ1889 ከጓደኛዋ ጋር በቺካጎ የስደተኞች ሰፈር ሃል ሃውስ የተባለውን ቤት ከፍታ በዚያው ትኖር ነበር። የድሀ ጎረቤቶቿ ልጆች የሚውሉበት፣ ትልልቆቹ ከሥራ በኋላ የሚማሩበት ቤት ነው። ለእርሷ የሕፃናት ሥራ ጉዳይ የጋዜጣ ወሬ አልነበረም፤ በደጇ የሚያልፉ፣ ስማቸውን የምታውቃቸው ልጆች ነበሩ። ይህን ሁሉ ዓመት ስትለምንበት የኖረችው ነገር አሁን በአንድ ትልቅ ፓርቲ ፕሮግራም ላይ ተጽፎ አየች። ራሷ ግን በዚያ ምርጫ ድምፅ መስጠት አትችልም ነበር፤ በምትኖርበት በኢሊኖይ ሴቶች ለፕሬዚዳንት ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1913 ነውና። ልትሰጥ የምትችለው ስሟንና ጊዜዋን ነበር።

ስሟን ስትሰጥ ግን ሁለት ነገሮች ከብደዋታል። አንደኛው፣ ፓርቲው በየዓመቱ ሁለት የጦር መርከቦች ይሠሩ ማለቱ ነው። እርሷ የሰላም ሰው ነበረች፤ ይህን መዋጥ እንዴት እንደ ከበዳት በኋላ ጽፋለች። ሁለተኛው የሚብስ ነው። ከአንዳንድ የደቡብ ግዛቶች የመጡ ጥቁር ልዑካን ጉባኤው ውስጥ እንዳይቀመጡ ተደረገ። ሩዝቬልት በደቡብ የነጮችን ድምፅ ለማግኘት ፓርቲውን በዚያ በነጮች እጅ ብቻ ሊተክል ፈልጎ ነበር። ዱ ቦይስ የተባለው ታላቅ ጥቁር ጸሐፊ ስለ ጥቁሮች እኩልነት በፕሮግራሙ እንዲገባ ያዘጋጀው ሐሳብም ተቀባይነት አላገኘም።

እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው። እናንተ በጄን አዳምስ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን አብረን እንጠይቅ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ሰው ሥልጣንን መመኘቱ ብቻውን ከሚዛን ያወርደዋል ወይ የሚለው ነው። እኛ ሥልጣን ፈላጊን ቶሎ እንጠረጥራለን። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እየተባለ በሚተረትበት አገር ያደግን ነንና አይፈረድብንም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እዚህ ላይ ከተረታችን ይልቅ ይጠነቀቃል። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለመሥራት እንዲላክ ንጉሡን የጠየቀው ራሱ ነው። ማንም አስገድዶ አልሾመውም። ሲሾም ግን አልበላም፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ለገዢው የሚገባውን ቀለብ እንዳልወሰደ ይነግረናል። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የኃላፊነትን ምኞት አላወገዘም፤ ወዲያው ግን የሚመኘውን ሰው ኑሮ የሚመረምር ረጅም ዝርዝር አስከተለ። ስለዚህ መመኘቱ ብቻ አይጥለውም፤ ኑሮውንና ሥራውን እንድንመረምር ግን ያስገድደናል።

የዚህ ተቃራኒ አቤሴሎም ነው። ማልዶ በከተማይቱ በር ይቆምና ሙግት ያለውን ሁሉ ይጠራል፤ ጉዳይህ እውነት ነው፣ የሚሰማህ ግን የለም፣ እኔ ብሾም ኖሮ እፈርድልህ ነበር ይለዋል። አንድ ነገር አስተውሉ። ሙግት ሁለት ወገን አለው። አቤሴሎም ግን ሌላውን ወገን ሳይሰማ ለመጣለት ሁሉ “እውነት አለህ” ይላል። ሕዝቡ ተበድሎ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ መጓተቱም እውነት ሊሆን ይችላል። አቤሴሎም ግን የፈለገው ሙግታቸውን መፍታት ሳይሆን ልባቸውን ነበር፤ ጸሐፊውም የእስራኤልን ልብ ሰረቀ ብሎ ነው የሚመሰክርበት።

ሩዝቬልት ከነህምያ ነው ወይስ ከአቤሴሎም? ቃሉን አጥፏል፤ ሲጠየቅ “እንደማልወዳደር የተናገርኩት ስለ ተከታታይ ዘመን ነው” ብሎ ተከራከረ። በሌላ በኩል ኦክቶበር 14 ቀን ሚልዋኪ ላይ አንድ ሰው በሽጉጥ ደረቱን መታው፤ እርሱ ግን ጥይቱ በሰውነቱ ውስጥ እያለ መድረክ ላይ ወጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረ። ይህ ለዓላማ መጨከን ነው ወይስ መድረክ መውደድ? ምናልባት ሁለቱም ነው። በሰው ልብ ውስጥ ቅንነትና ምኞት ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ ለይቶ የሚያበጥር ወንፊት ደግሞ በእጃችን የለም። ልብን የሚመዝን እግዚአብሔር ነው። ለእኛ የተተወልን የሚታየውን መመርመር ነው፦ ቃሉን ይጠብቃል ወይ? ለማሸነፍ ሲል ማንን ይጥላል?

ሁለተኛው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከበሩ ውጭ የቀረው ማን ነው? ጥቁር አሜሪካውያን ሩዝቬልትን የሚጠረጥሩበት ምክንያት ከ1912 በፊትም ነበር። በ1906 በቴክሳስ ብራውንስቪል በተነሣ የተኩስ ጉዳይ 167 ጥቁር ወታደሮችን ያለ ፍርድ ከሠራዊቱ አሰናብቶ ነበር። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ስማቸውን ያጠራው በ1972 ነው፤ ያን ጊዜ ብዙዎቹ ሞተዋል።

ጄን አዳምስ ይህን ቀላል ነገር አላደረገችውም። አባቷ የባርነት ተቃዋሚ ነበር። ዱ ቦይስ ያዘጋጀው በነበረው “ክራይሲስ” መጽሔት ላይ በዚያው ዓመት ስትጽፍ፣ አባቴ ቢሆን ጥቁሮች በተናቁበት ጉባኤ ይቀመጥ ነበር ወይ ብላ በጭንቀት ራሷን እንደ ጠየቀች ገልጻለች። በመጨረሻ ቆየች። ፓርቲው ለተጨቆኑ የተነሣ በመሆኑ አንድ ቀን ወደ ጥቁሮችም ጥያቄ ይደርሳል ብላ ተስፋ አደረገች።

እዚህ ላይ ነው ልባችሁን እንድትሰጡኝ የምፈልገው። የጦር መርከቦቹ ጉዳይ የእርሷ የራሷ ኅሊና ዋጋ ነበር። ስለ ሌላው መልካም ነገር ብዬ ይህን እችላለሁ ብትል ዋጋውን የምትከፍለው ራሷ ናት። የጥቁሮቹ ልዑካን ጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም። “አንድ ቀን ይደርሳል” ስትል፣ ያን ቀን የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው። እየተገፋ፣ ድምፁን እየተነጠቀ፣ በደቡብ ደግሞ በደቦ እየተገደለ የሚጠብቅ ሰው። የሌላውን መከራ መታገሥ ምንኛ ቀላል ነው! እኛም በየጊዜው እናደርገዋለን። “አሁን ትልቁ ጉዳይ ይቅደም፤ የእነርሱ ቆይቶ ይታያል” እንላለን። እነርሱ የተባሉት ግን ተጠይቀው አያውቁም።

ታዲያ መፍትሔው ሌላውን ተወዳዳሪ መደገፍ ነበር? ዱ ቦይስ ያንን ሞከረ። የዴሞክራቶቹ እጩ ውድሮው ዊልሰን ለጥቁሮች ፍትሕን እንደሚያደርግ ተስፋ ስለ ሰጠ ደገፈው። ዊልሰን ተመረጠ፤ በ1913 ግን በእርሱ አስተዳደር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን መለያየት ተስፋፋ። ዱ ቦይስ ተስፋው መክሸፉን በመጽሔቱ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት። ሁለት አስተዋይ ሰዎች፣ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች፤ ሁለቱም ያመኑት ሰው ያዘነባቸውን ነገር አደረገ። በዚህ ዓለም ምርጫ ከነውር የጸዳ ሰው አናገኝም። ያ አንድ ሰው አስቀድሞ መጥቷል፤ በምርጫም አልመጣም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ሰውየው ሲሄድ ምን ይቀራል የሚለው ነው። በ1912 ዊልሰን 435 የመራጮች ጉባኤ ድምፅ ሲያገኝ ሩዝቬልት 88፣ ታፍት 8 አገኙ። ሩዝቬልት ተሸነፈ። በ1916 ፓርቲው እንደገና እጩ ሲያደርገው አልፈልግም ብሎ ወደ ቀድሞ ፓርቲው እጩ ዞረ። ያን ጊዜ ተራማጅ ፓርቲ ፈረሰ። በአርማጌዶን ቆመናል ተብለው የዘመሩት ሰዎች በአራት ዓመት ውስጥ ቤት አልባ ሆኑ። አንድ ሰው ላይ የተሠራ ቤት ምሰሶው ሲነሣ እንዲህ ነው።

ነገር ግን ሁሉም አልጠፋም። ሴቶች በመላው አገሪቱ የመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥት በ1920 ተረጋገጠ። በ1935 የእርጅናና የሥራ ማጣት መድን ሕግ ወጣ። በ1938 የሕፃናትን ሥራ የሚገድብና ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የፌዴራል ሕግ ተከተለ። ሩዝቬልት በ1919 ሞቶ ነበር፤ ይህን ያደረሱት ከጉባኤው ጩኸት በኋላም በየሰፈሩ፣ በየማኅበሩ፣ በየምክር ቤቱ መሥራት ያላቆሙ ሰዎች ናቸው። ጄን አዳምስም ወደ ሃል ሃውስ ተመለሰች፤ ስለ ሰላም መሥራቷንም ቀጠለች፤ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከሌላ ሰው ጋር ተጋራች።

እንግዲህ ልክ ነበረች ወይ? የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ፕሮግራሙን መደገፏ ልክ ነበር። በፋብሪካ የሚያልቁ ልጆችን ያወቀ ሰው ንጹሕ እጩ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይችልም። በሩ ውጭ የቀሩትን ስለ ማስታገሥ የሰጠችው ምክንያት ግን አይበቃም። ድጋፍ ያበደረ ሰው ዕዳ መጠየቅ አለበት፤ ስሟን የሰጠችለትን ሰው በዚያው ስሟ ልትሞግተው ይገባ ነበር። ከእናንተ መካከል፣ “ጥቁሮቹ በተገፉበት ጉባኤ አልቀመጥም ብላ መውጣት ነበረባት” የሚል ቢኖር አልቆጣውም። በኅሊና የወጣና በኅሊና የቆየ ሊከባበሩ ይችላሉ። አከብረው ዘንድ የሚከብደኝ ግን ሳይመዝን የወጣውንም ሳይመዝን የቆየውንም ነው።

“እንዲህ ከሆነ አለመግባቱ አይሻልም?” የሚል ካለ የኢዮአታምን ምሳሌ ያንብብ። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ። ወይራው ዘይቴን፣ በለሱ ጣፋጭነቴን፣ ወይኑ ጠጄን ልተው ወይ ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻ የነገሠው እሾህ ነው። እሾሁን እንወቅሳለን፤ ፍሬ የነበራቸው ዛፎች ሁሉ ሥራ አለብን ማለታቸውንም ግን አንርሳ። የራሳችንም ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህን ያስተምራል። በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል እንዳይነጣጠሉ አሳሰበች። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ። ሙሉውን ሰው የሚመለከት ወንጌል ይዘው የቆሙ አባት ለገዢዎች ልባቸውን አልሰጡም፤ ስለ አገራቸው ሕዝብ ማሰብንም አልተዉም።

ይህ ሁሉ ለእናንተ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ የምትኖሩና ዜግነትና ዕድሜ የደረሰላችሁ፣ ለፕሬዚዳንት የመጀመሪያ ድምፃችሁን የምትሰጡበት ቀን ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያናችሁም በሁለት ጎራ ተከፍላ ትጠብቃችሁ ይሆናል። አገር ቤት ያለን ፕሬዚዳንትን በቀጥታ አንመርጥም፤ የምክር ቤት አባል እንመርጣለን። ሚዛኑ ግን አንድ ነው። ተወዳዳሪ ሲመጣላችሁ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ከዚህ በፊት የገባውን ቃል ምን እንዳደረገው ጠይቁ። ለማሸነፍ ሲል ከበሩ ውጭ የሚተወውን ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ “ስለ ትልቁ ነገር ብለህ ታገሥ” ከማለታችሁ በፊት የሚታገሠው እናንተ መሆናችሁን አለመሆናችሁን እዩ። ነገ ሰውየው ቢሄድ የምትቀጥሉት ሥራ በሰፈራችሁ እንዳለም አረጋግጡ። ከሌለ የደገፋችሁት ዓላማውን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። ከእናንተ የተለየ ድምፅ የሰጠ ወንድም ወይም እህት በጸሎት ክበባችሁ ውስጥ ይኖራል። አርማጌዶን የጌታ ነው፤ የማንም ፓርቲ የምርጫ ቅስቀሳ አርማጌዶን አይደለም። ስለዚህ ያን ወንድም ወይም ያቺን እህት እንደ ጠላት አትዩ። ቁጭ ብላችሁ ምን እንደ መዘነ ጠይቁት፤ ምናልባት እናንተ ያላያችሁትን ከበር ውጭ የቆመ ሰው አይቶ ይሆናል። ድምፅ ለሰው ይሰጣል፤ በምርጫ ዘመንም ይመለሳል። ልባችሁ ግን በዋጋ የተገዛ ነው፤ ለተወዳዳሪ አትስጡት።